የእናቴ ወንበር ከነገሌ እስከ ተልተሌ

እኔ ጸበል ስሄድ እንኳ የመጠጥ ውሃ ይዤ የምሄድ ሴት ነኝ። ይህን የምነግራችሁ ለመመጻደቅ አይደለም፤ ሰው ጨጓራ እንዳለበት ሲናገር እንደምትሰሙት አድርጋችሁ ስሙልኝ። ዣንጥላዬ በድርቅ ዓመትም ከክንዴ አይወርድም። ጧፍ ስገዛ ቢሰበርስ ብዬ ተጠባባቂ እገዛለሁ፤ ተጠባባቂውስ ቢሰበር ብዬ ደግሞ ከበር እመለሳለሁ። የነገሌ ጎረቤቶቼ «ያቺ ጎጃሜ መንግሥተ ሰማያት ብትገባም መጀመሪያ መውጫው በየት ነው ብላ ትጠይቃለች» ይሉኛል። ይበሉ። ከቢቸና ተነሥቶ ነገሌ ቦረና ድረስ የመጣ ሰው ለራሱ ካልተጠነቀቀ ማን ሊጠነቀቅለት ነው?

ይኸው ጥንቃቄዬ ነው እንግዲህ በደርግ ጊዜ በቆላው ከተማ ሁሉ ሕዝብ አሰልፎ ያስጨበጨበው። እኔ ማንንም አላሰለፍኩም። እኔ የፈለግሁት እናቴ ከመኪና ስትወርድ እንዳትወድቅብኝ ብቻ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላውራችሁ። ታናሽ ወንድሜ ተልተሌ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበር። ሚስቱ ሴት ልጅ ተገላገለችለትና የሰማንያ ቀን ክርስትናዋ እሑድ ይውላል ብሎ ላከብን። ተልተሌ ያኔ የራሷ ቄስ አልነበራትም። አባ ከሜጋ መጥተው በዚያች እሑድ አጥምቀው፣ ቀድሰው፣ ሰኞ ይመለሳሉ። የደረሰ ይደርሳል፤ ያልደረሰ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብሎ በሰው ይልካል።

እናቴ ያን ሰሞን እኔ ዘንድ ነበረች። እግሯ ከከዳት ወዲህ ቢቸና ሄጄ ለማየት መንገዱም ጊዜውም ስላልፈቀደልኝ ዘመዶች በአውሮፕላን አሳፍረው ላኩልኝ። እኔም በጥንቃቄዬ ገና ሳትመጣ ከአዲስ አበባ ባለጎማ ወንበር አስመጥቼ፣ ትራስ ሰፍቼ፣ ዘይት ቀብቼ ጠበቅኋት። ወንበሩን ከላይ እስከ ታች አየችውና፣

«ይኼን የሚጎትተው ማነው? በሬ አለሽ?» አለችኝ።

ኋላ ግን ወደደችው። ጠዋት ጠዋት ግቢው በር ላይ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን ትመረምራለች፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ እኔ በስንት ዓመት ያላወቅሁትን የሰፈር ምሥጢር አውቃ ቁጭ።

የተልተሌን የምሥራች ስትሰማ አላመነታችም። «እሄዳለሁ። ያቺ ልጅ ከውሃው ስትወጣ መጀመሪያ የማቅፋት እኔ ነኝ። የመጨረሻ ልጄን የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና ተቀምጬ በወሬ ልስማ? እግሬ የከዳኝ ይበቃኛል።»

እኔ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። ባለቤቴ ግን በደስታ አበደ። ባለቤቴን ማወቅ አለባችሁ፤ በወጣትነቱ ከምፅዋ በሚነሣ የጭነት መርከብ ላይ የሞተር ሠራተኛ ነበር። ዛሬ የጉድጓድ ውሃ ፓምፕ ይጠግናል፤ ነገሌ ላይ ያለው ባሕር እሱ የሚጠግነው ጉድጓድ ብቻ ነው። ልቡ ግን ከመርከቧ አልወረደም። ጓዳችን «ታችኛው ወለል» ነው። ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው ቢያፈስ «ተረጋጉ፣ ፓምፑን አምጡ» ይላል፤ ባልዲ ማለቱ ነው።

«ስሚኝ» አለኝ፤ «ይህ የመርከብ ጉዞ ነው። መርከብ ላይ መንገደኛ የሚሰበረው ባሕር ላይ አይደለም፣ ወደብ ላይ ሲወርድ ነው። ለወደቦቹ እንዘጋጅ።»

ወደቦቻችን መልካ ጉባ፣ ዋጭሌ፣ አሬሮና ያቤሎ ሆኑ። መርከባችን ደግሞ የኢብሮ አይሱዙ ናት። ኢብሮ ነገሌ ሱቅ ካላቸው የእስላም ነጋዴዎች ቤት ነው፤ ጨውና ስኳር ጭኖ እስከ ተልተሌ ይመላለሳል፤ አማርኛውንና ኦሮምኛውን እንደ ሻይና ወተት አዋሕዶ ነው የሚናገረው። ከእኛ ጉዞ በፊት አንድ ምልልስ ስለነበረው በየወደቡ ቃል እንዲያደርስልኝ ለመንኩት።

«ምን ልበላቸው እቴቴ?»

«ትልቅ እንግዳ ይመጣሉ በላቸው። ከመኪናው ሲወርዱ ወንበራቸው የሚንከባለልበት አፈር ከፍ ተደርጎ ይደልደል። ፀሐይ እንዳይመታቸው ዳስ ይጣል። ሰው እንዳይጋፋቸው መንገዱ ይጠረግ።»

«ቶሌ፣ እሺ። ሌላስ?»

«ከወንበራቸው እንዲነሡ ማንም እንዳይጠይቃቸው።»

«ቶሌ እቴቴ፣ ራኮ ሂንቀቡ፣ ችግር የለም» ብሎ ሄደ። እኔም አንድ ነገር እንኳ አልረሳሁም ብዬ ደስ አለኝ። ሰው ደስ ሲለው ነው መፍራት ያለበት።

ባለቤቴ በበኩሉ የወንበሩ ጎማ ለአሸዋ ይቀጥናል ብሎ ኋለኞቹን ነቅሎ የሞተር ብስክሌት ጎማ ገጠመለት። ወንበሩ ወንበርነቱን ትቶ ሌላ ነገር ሆነ። እናቴን ሲያስቀምጣት ግቢውን በአንድ ግፊት አቋርጣ የጎረቤት አጥር ላይ ተሰካች። «ይሄዳል» አለች ነጠላዋን እያስተካከለች።

አርብ ጠዋት ተነሣን። ሳንቃ ዘርግተን እናቴን ከነወንበሯ ጭነቱ ላይ አወጣናትና የስኳር ጆንያ መሐል በገመድ አሰርናት፤ ፊቷን ወደ ኋላ፣ ያለፍነውን አገር ሁሉ እየገመገመች እንድትሄድ። ባለቤቴ ጭነቱ ላይ ቆሞ «መልሕቅ አንሣ!» ብሎ ጮኸ።

ኢብሮ በመስኮት አንገቱን አወጣ። «መልሕቅ ደግሞ ማነው? ሳይከፍል ነው እንዴ የተሳፈረው?»

መልካ ጉባ፣ ዳዋ ወንዝ ዳር ስንደርስ አመሰገንኩ። ለእናቴ ትንሽ፣ የተጠቀጠቀ የአፈር መወጣጫ፣ ከላዩ የቅጠል ጥላ፤ ልክ እንዳልኩት። ወንበሩ በሰላም ወረደ። የመንደሩ ሽማግሌ ኦቦ ገልገሎ በትራቸውን ይዘው ቀረቡ።

«ናጋ?» አሉ።

«ናጋ» አለች እናቴ፤ ይህቺን መንገድ ላይ ከኢብሮ ተምራለች።

«ልጆቹ ናጋ? ከብቱ ናጋ? ሣሩ ናጋ? የመጣችሁበት መንገድ ናጋ?»

እንግዲህ የቦረና ሽማግሌ ሰላም ሳይጠይቀው የሚያልፍ ነገር የለም። እናቴ ደግሞ የጎጃም ሴት ናት፤ ሰላምታ ላይ ቀድሞ ዝም ያለ ሰው የተሸነፈ ይመስላታል። ነጠላዋን አጣፋችና ቀጠለች። «እርስዎስ እንደምን ከርመዋል? ባለቤትዎ ደኅና ናቸው? ክረምቱ እንዴት አለፈ? ጥጃው፣ ግመሉ፣ አማቱ ደኅና?» ኢብሮ ይተረጉማል። ሽማግሌው እናቴ ስለ ግመሉ ስትጠይቅ ጊዜ ልባቸው ተነካና የግመሉን እናት ጨምረው ከአዲስ ጀመሩ። ፀሐይ ከራሳችን ላይ ፈቀቅ አለች። ኢብሮ ላቡን ጠረገ።

«እቴቴ፣ ከሁለቱ አንዳቸው ታምሜያለሁ ካላሉ ይኼ አያልቅም።»

በመጨረሻ ወተት መጣ፤ በጮጮ፣ በዚያ በሚያምር የስፌት ዕቃ፣ የታጠነ፣ ከአፉ ሞልቶ የሚፈስ። አርብ ነዋ!

«ጾም ነው በላቸው» አልኩት ኢብሮን። ነገራቸው። ሽማግሌው አሰብ አደረጉና መለሱ።

«ምን አሉ?»

«ላሚቱ አታውቅም አሉ።»

አለመጠጣት ነውር፣ መጠጣት ኃጢአት። እኔ በሐሳብ ወዲያ ወዲህ ስል እናቴ ጮጮውን ተቀብላ በግንባሯ ነካችውና፣ «ለልጄ ልጅ እናት ልወስደው ነው በላቸው፤ አራስ ቤት ነው የሚሄደው» አለች። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ለአራስማ ይኼ ምን ይበቃል ብለው ሌላ አስመጡ፤ ጎረቤቶቻቸውም ሰምተው አመጡ። ጀሪካን ሙሉ ወተት ጭነን ወጣን። የኢብሮ መኪና ደግሞ በዚያ መንገድ ላይ እንዴት እንደምትንጥ የማያውቅ የለም፤ ማታ ጀሪካኑን ስከፍተው ቅቤው ተንሳፍፎ ጠበቀኝ።

ዋጭሌ ከሰዓት በኋላ ገባን። ከሩቅ ሳየው ገበያ መሰለኝ። ቀረብ ስንል ሰው ግራና ቀኝ ተሰልፏል። ተማሪዎች ባንዲራ ይዘዋል። በግራር ቅርንጫፍ የተሠራ ቅስት አለ፤ ቀይ ጨርቅ ተጠምጥሞበታል። ከቅስቱ ሥር እኔ ያልኩት መወጣጫ አለ፤ ግን ወደ መሬት አያወርድም፣ ወደ መድረክ ያወጣል። መድረኩ ላይ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የተከፈተ ለስላሳ።

ያኔ ነው የገባኝ። በዚያ ዘመን አፈር የሚያስደለድል፣ ዳስ የሚያስጥል፣ መንገድ የሚያስጠርግ፣ ከወንበሩ ተነሥ የማይባል ትልቅ እንግዳ ማን ነው? አገር ያውቃል። እኔ ለእናቴ ደፍና ድንጋይ ስቆጥር አገሩን ረስቼዋለሁ።

«አቁም! አታውርዳት!» አልኩ። ባለቤቴ ግን መድረኩን አይቶ ዓይኑ በርቷል። «ወደብ ማለት ይህ ነው!» ብሎ ወንበሩን ገፋ፤ የሞተር ብስክሌቱ ጎማ ደግሞ መጠየቅ አይወድም፤ እናቴ በአንድ ትንፋሽ መድረኩ ላይ ወጣች። ሕዝቡ አጨበጨበ።

እናቴ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። «ይህን ሁሉ ሰው አንቺ ነሽ ያስጠራሽልኝ? ወጪውስ?»

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ጃርሶ ካኪ ለብሶ ወጣ። እንግዳዋ ባለ ነጠላ አሮጊት መሆኗ ለአንድ አፍታ ግር ብሎት ነበር፤ ግን ከላይ የመጣ ሰው ምን ይመስላል ብሎ መመርመር ያን ጊዜ ለጤና አይበጅም። ረጅም ንግግር አደረገ። ስለ ምርት ተናገረ፤ ስለ ንቃት ተናገረ። በመጨረሻም ወደ እናቴ ዞሮ፣ «አሁን የተከበሩት እንግዳችን መመሪያ ይሰጡናል!» አለ።

ሕዝቡ ሁሉ አንገቱን ወደ እናቴ አሰገገ።

«ምን ስጪ ነው የሚለኝ?» አለች እናቴ።

«እማዬ በእመብርሃን፣ ዝም በይ!»

«ይህን ያህል ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞልኝ ዝም ልበል?» አለችና መዳፏን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «ዝናቡን በጊዜው ያውርድላችሁ! ከብታችሁን ያርባላችሁ! እርጉዝ በሰላም ትገላገል! የሄደ ልጃችሁን በደኅና ይመልስላችሁ!»

ኢብሮ በኦሮምኛ ያስከትላል። የቦረና ሰው ምርቃት ሲሰማ አይቀመጥም፣ አይስቅም፤ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው በየዐረፍተ ነገሩ ይቀበሏት ጀመር፤ እስላሞቹ «አሚን»፣ ከሰሜን የመጡት አስተማሪዎች ደግሞ ግራና ቀኝ አይተው በቀስታ «አሜን»። ጓድ ጃርሶ ለመፈክር ግራ እጁን ጨብጦ አንሥቶ ነበር። እናቴ «ልጅህ ይባረክ፣ ጓሮህ ይለምልም» ስትል ጭብጡ ሳያውቀው ተፈታ፤ መዳፍ ሆነ።

«የሚገዛችሁንም ልቡን ያራራላችሁ!»

መዳፉ ተመልሶ ጭብጥ ሆነ።

እንደ ምንም ወደ ጎን ጠራሁት። «ጓድ፣ ስሕተት አለ። ባለሥልጣን አይደለችም። እናቴ ናት።»

ፈገግ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ገብቶናል። በምሥጢር ነው የመጣችሁት።»

«ኧረ በምሥጢር አይደለም! ክርስትና ልንሄድ ነው።»

«ክርስትና!» አለና በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። «ማንም አይጠረጥርም። ጥሩ ሽፋን ነው። እንግዲህ የተበላሸውን ፓምፕ ሳያዩ አይሄዱም መቼም።»

እዚህ ላይ ባለቤቴን ዝም ማሰኘት ነበረብኝ። ዘገየሁ። «ፓምፕ? የት?» ሲል ሰማሁት፤ መፍቻውን ይዞ ጠፋ። ሳይጨልም ውሃው ፈሰሰ። ዋጭሌ ስንት ጊዜ ያመለከተችበት ፓምፕ የተከበሩት እንግዳ በረገጡበት፣ ይቅርታ፣ በተንከባለሉበት ዕለት ተሠራ። ከዚህ ወዲያ እናቴ ናት ብዬ ብምል ማን ይሰማኛል? መማል ደግሞ ኃጢአት ነው።

ቅዳሜ ማልደን ተነሣን፤ ወሬው ግን ከእኛ ማልዶ ተነሥቷል። አሬሮ ስንደርስ መድረኩ የዋጭሌውን እጥፍ ነው። የኪነት ቡድን ከበሮና ክራር ይዞ ቆሟል። መወጣጫው ደግሞ፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ፍየል የሚያስብበት ዓይነት አቀበት ነው።

«በዚህ አትወጣም!» ብዬ ፊቱ ቆምኩ።

«ለተከበሩት እንግዳ ዝቅ ያለ መድረክ ልንሠራ?» አሉ አስተናጋጆቹ ተቀይመው። ሁለት ጎረምሶች ወንበሩን እየገፉ አወጧት፤ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ፊቷን ወደ ሕዝቡ አድርገው ጀርባዋን ይዘው ቆሙ። እኔም ይዘዋታል ብዬ ትንሽ ተነፈስኩ። ያን ጊዜ ከበሮው ተመታ፤ መዝሙሩ ተጀመረ፤ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀጥ ብሎ ግራ እጁን ወደ ላይ አነሣ። ሕዝቡ ሁሉ ስል ወንበሩን የያዙትንም ጨምሮ ነው።

ወንበሩ አንድ ጊዜ ያሰበ መሰለ። ከዚያ ወደ ፊት ዘነበለ።

እናቴ ቁልቁል መጣች። ነጠላዋ እንደ ሸራ ተነፋ። ተማሪዎቹ የዝግጅቱ ክፍል መስሏቸው መንገድ ለቀው አጨበጨቡ። እሷም ያጨበጨበላትን ሰው ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው ብላ ግራና ቀኝ እጇን እያወዛወዘች አለፈች። ክራር መቺው ተከትሏት ዞረ። እኔ «ጊዮርጊስ! ሚካኤል! ገብርኤል!» እያልኩ እሮጣለሁ፤ የተጠራ ሁሉ እንዲደርስ። ባለቤቴ ከኋላዬ «መልሕቅ! መልሕቅ!» ይላል። ወንበሩ ሰልፉን ጨርሶ፣ ጎዳናውን ተሻግሮ፣ ፍየል ተራ ገባና ፍየሎቹ መሐል በክብር ቆመ።

ትንፋሼ ተቆርጦ ስደርስ አንዲት ፍየል የነጠላዋን ጥለት ታኝካለች። እናቴ ፊቷ በርቷል፤ ሃያ ዓመት ቀንሳለች።

«ይህ ነገር እንዲህ እንደሚሮጥ እያወቃችሁ ነው እስከ ዛሬ እንደ ሬሳ ቀስ ብላችሁ የምትገፉኝ?» አለች።

«እማዬ ተጎዳሽ?»

«ዝም በይ እስቲ። መልሰው ያወጡኝ ይሆን?»

አሬሮዎች ስለደረሰው መንገላታት ይቅርታ ብለው ወይፈን ሰጡን። እናቴ ናት፣ ክርስትና ነው፣ አይገባንም ብዬ ለመንኩ። «እንዲህ ዓይነት ትሕትና ከላይ ከመጣ ሰው አይተን አናውቅም» ብለው ሁለተኛ ወይፈን ሊፈልጉ ሲነሡ አንዱን ተቀብለን አመለጥን። እናቴና ወይፈኑ ጭነቱ ላይ ፊት ለፊት ታስረው ያቤሎ ድረስ ተያዩ። «ይህ ሲያየኝ ደስ አላለኝም» ትላለች በየመሐሉ፤ «የማውቀው ሰው ይመስላል።»

እኔ ግን ሳቄም ወሬዬም ደርቋል። ቅዳሜ እየመሸ ነው። ነገ በጠዋት ያቺ ልጅ ውሃው ውስጥ ትገባለች። ያቤሎን ሳንቆም እናልፋለን ብዬ ከኢብሮ ጋር ተማከርኩ። «ቶሌ» አለ። ኬላው ግን ቶሌ አላለም። ገመዱ ተወጥሮ አንድ ረጅም ጓድ ከነጠባቂዎቹ ቆሞ ጠበቀን።

ከኋላው ሜዳው ላይ ያለውን አየሁ። ዋጭሌና አሬሮ ልምምድ ነበሩ። የያቤሎ መድረክ የጣሪያ ቆርቆሮ አለው። አምፖል ተንጠልጥሎበታል። ከጎኑ የታረደ በሬ ቆዳ አጥር ላይ ተሰጥቷል።

ጓዱ የይለፍ ወረቀታችንን ተቀብሎ አነበበ። አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ እንደ ወረቀቱ ሆነ።

«የጉዞው ምክንያት... ክርስትና?»

«አዎ።» እኔ ዋሽቼ አላውቅም፤ ይኸው በመጨረሻ የሚያምነኝ ሰው አገኘሁ።

«እሳቸውስ?»

«እናቴ ናት። ከቢቸና።»

«የመጣው ልዑክ የታለ?»

«ልዑክ የለም። ኖሮም አያውቅም። ሁለት ቀን ሙሉ ለሁሉም ይህንኑ ነው የምናገረው፤ ማንም አልሰማኝም።»

ጓዱ ጣቱን ቀሰረ። «ሕዝብ በማታለል! ሰኞ ቢሮ እስኪከፈት ከዚህ ንቅንቅ የለም!»

ሰኞ! ሰኞ አባ ወደ ሜጋ ይመለሳሉ። እንባዬ መጣ። ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ስለ ወደብ ሕግ ሊናገር መሆኑ ገብቶኝ እግሩን ረገጥኩት። ያን ጊዜ እናቴ ከጭነቱ ላይ ተጣራች።

«አንተ ልጅ! ያ ሁሉ ድግስ ለማነው? ሠርግ አለህ?»

ጓዱ ዞሮ መድረኩን አየ። አምፖሉን አየ። የበሬውን ቆዳ ሲያይ ብዙ ቆየ። ሐሳቡ በፊቱ ላይ ሲሄድ ይታየኝ ነበር። እኛን ከያዘ ሪፖርት ያደርጋል፤ ሪፖርት ካደረገ ምን አጠፉ ይባላል፤ ምን አጠፉ ከተባለ በሬ ማን አረደ ይባላል።

ወደ እኔ ቀረበና በጆሮዬ ተናገረ። «ማንም አልመጣም።»

«አዎ ጓድ።»

«እኔም ማንንም አልጠበቅሁም። መድረኩ... ለስፖርት ነው። ሕዝቡ ሳይሰበሰብ በጓሮ መንገድ ውጡ።» ሁለት እርምጃ ሄደና ተመለሰ። «ወይፈኑ ግን ይቀራል። የማኅበሩ በሬ አንድ ጎድሏል።»

ወይፈኑን ሲያወርዱት እናቴ እፎይ አለች። «አላልኩሽም? ዘመዱን አገኘ።»

እሑድ ጎህ ሲቀድ ተልተሌ ገባን። ወንድሜ መንገድ ላይ ወጥቶ ይጠብቀናል፤ እናቴን ሲያይ አለቀሰ፤ እሷም ክሳቱን አይታ ሚስቱን ልትገሥጽ ዛተች። «ቶሎ በሉ፣ አባ ጀምረዋል፣ ልጅቷን ይዘዋት ወጥተዋል» አለና ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ።

ጣቱን ተከትዬ አየሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታ ላይ ነው። ወደ እሱ የሚያወጣው ደረጃ ድንጋይ ነው፤ ጠባብ፣ ጠማማ፣ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ።

ለመልካ ጉባ ቃል ልኬያለሁ። ለዋጭሌ ልኬያለሁ። የያቤሎ አምፖል ሳይቀር በእኔ ቃል የተሰቀለ ነው። ለቤተ ክርስቲያኑ ግን አልላክሁም። ለእግዚአብሔር ቤት ደግሞ ማን ቃል ይልካል? የመጣነው ለእሱ፣ የረሳሁትም እሱን!

«እማዬ፣ ንቅንቅ እንዳትይ!» አልኳት። «ሸክም የሚችሉ ሰዎች ይዤ መጣሁ!» ወንድሜን «አንተ ውጣ፣ አባት ነህ» ብዬ ገፋሁትና ባለቤቴንና ኢብሮን አስከትዬ ወደ ገበያው በረርኩ።

ጉልበት ያላቸው ሰዎች አገኘሁ፤ ግን የተልተሌ ሰው ሰላም ሳይባል ሸክም አይለመንም። «ናጋ?» አሉኝ። «ናጋ ነው፣ ከብቱም ናጋ ነው፣ ሣሩም ናጋ ነው፣ ወንበር ተሸከሙልኝ!» አልኩ በአንድ ትንፋሽ። አዘኑልኝ። ይህቺ ሴት ምን ደርሶባት ነው ብለው ጭራሽ አረጋግተው ከመጀመሪያው ጠየቁኝ። ኢብሮ አጣና አመጣ። ባለቤቴ ገመዱ በምን ዓይነት የመርከበኛ ቋጠሮ ይታሰር በሚለው ላይ ምክር ከፈተ። እኔ መጋረጃ፣ ዣንጥላ፣ ትራስ፣ ለተሸካሚዎቹ ቢደክማቸው ተጠባባቂ ተሸካሚ ሳይቀር አሰባስቤ በሩጫ ተመለስኩ።

ወንበሩ ደረጃው ሥር ቆሟል። እናቴ የለችም። ጫማዋ ብቻ ጎን ለጎን ተስተካክሎ ትራሱ ላይ ተቀምጧል።

ጮኽኩ። ከዚያ ወደ ላይ ሮጥኩ፤ ግማሽ ላይ ጫማዬን እንዳላወለቅሁ ትዝ ብሎኝ ተመልሼ ወረድኩ፤ አውልቄ እንደገና ሮጥኩ። ክርስትና ቤቱ ደጃፍ ደረስኩ።

እናቴ ወለሉ ላይ አጎዛ ተነጥፎላት ተቀምጣለች። ጉልበቷ ላይ አንዲት ጸጉሯ የራሰ፣ ማተብ ያሰረች፣ በንዴት የቀላች ትንሽ ፍጥረት በነጭ ነጠላ ተጠቅልላ ትጮኻለች። ወንድሜ ቆሟል፣ ሚስቱ ቆማለች፣ የክርስትና እናቷ ቆማለች። ውሃው አልቋል፣ ቅባቱ አልቋል፣ ጸሎቱ አልቋል። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ።

«የት ጠፍተሽ ነው?»

«ሰው... ሰው ላመጣ... እማዬ፣ እንዴት ወጣሽ?»

«በመቀመጫዬ ነዋ። ጀርባዬን ለደረጃው ሰጥቼ፣ በእጄ እየተደገፍኩ፣ አንድ አንዱን። ቢቸናስ ቤተ ክርስቲያን የምስመው እንዲህ አይደለም? የኛ ደረጃማ ከዚህ ይረዝማል።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ለሁሉም ስትልኪ ጊዜ ለእኔም ትልኪ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ነዋ።»

አባ መስቀላቸውን ይዘው ወደ በሩ ዞሩ። ላብ ያጠመቀኝን፣ ዣንጥላና መጋረጃ የታቀፍኩትን፣ ከኋላዬም አጣና የተሸከሙ ስድስት ሰዎች ያስከተልኩትን እኔን ትክ ብለው አዩኝ።

«ይህቺ ደግሞ ማን ናት? ክርስትናው ካለፈ በኋላ የምትመጣ?»

እናቴ ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠጋችና ስለ እኔ ይቅርታ ጠየቀችልኝ።

«ልጄ ናት አባ። አይፍረዱባት፤ በእግሯ ስለምትሄድ ነው።»